ኮከቡን የሚፍቁ እጆች

«ማጭድና መዶሻው የታለ?» አሉ አጎቴ።

ፊልሙ ከጀመረ ሁለት ደቂቃ አልሞላውም። የሳሎኑ መጋረጃ ተጋርዷል፤ ቡናው ቀርቧል፤ እኔም ከአሜሪካ በሰው እጅ ያስመጣሁትን ዲስክ ከፍቼ ምርቃት እየጠበቅሁ ነው። ፊልሙ «ማዘር ኢንዲያ» ነው። መህቡብ ካን ያዘጋጀው፣ ናርጊስ የተጫወተችበት፣ በ1957 ቦምቤይ ላይ የወጣው የህንዶች ታላቅ ፊልም። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ካላልኩ በስተቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት የፈረንጆቹ ናቸው።) አጎቴ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ከሚገኝ አንድ ሲኒማ ቤት የማሽን ክፍል ውስጥ ሆነው ይህን ፊልም ስንት ጊዜ እንዳሳዩት ራሳቸውም ረስተውታል። ያልረሱት ፊልሙን ነው። ገና ከመጀመሩ በፊት የመህቡብ ኩባንያ ምልክት ብቅ ይላል፤ ምልክቱም ማጭድና መዶሻ ነው። በደርግ ዘመን ፊልሙ እንደገና ሲታይ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠ አንድ ካድሬ ምልክቱን ሲያይ ብድግ ብሎ አጨበጨበ፤ አዳራሹም ምን ያድርግ፣ ተከትሎ አጨበጨበ። ይህን ታሪክ እየሰማን ነው ያደግነው።

እኔ ባመጣሁት ዲስክ ላይ ግን ማጭድም መዶሻም የለም። በቀኝ በኩል ከላይ፣ ጥጉ ላይ፣ ሰው ጣቱን በቅቤ ነክሮ ያሸው የሚመስል ደብዛዛ ቦታ አለ። የአንድ ቴሌቪዥን ጣቢያ ዓርማ የነበረበት ነው፤ ገልባጩ ሊያጠፋው ሞክሮ ግማሹን ብቻ አጥፍቶታል። ከሁለት ሰዓት ከሩብ በኋላ «ተፈጸመ» ሲል አጎቴ ስኒያቸውን አስቀመጡና «ሁለት ጥቅል ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጠፍቷል» አሉ። ትልቁ የሲኒማ ጥቅል ሃያ ደቂቃ ያህል ይሄዳል። እኔ ማታ ቤቴ ገብቼ ብፈትሽ ሙሉው ፊልም 172 ደቂቃ ነው፤ የእኔ 135 ነበር። ሠላሳ ሰባት ደቂቃ! ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሰው ያለ ማስያ የደረሱበትን እኔ በስልኬ ነው ያረጋገጥሁት።

«ለምን ከኢንተርኔት በነፃ አታሳያቸውም ነበር?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነቱን ልናገር። በሕይወቴ አንድ ጊዜ እንኳ ለዚህ ፊልም በሕጋዊ መንገድ ልክፈል ብዬ ነው። ለምን እንደዚያ እንዳልሁ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ። ቨርጂንያ የምትኖር የአክስቴ ልጅ በስመ ጥሩ የኢንተርኔት ገበያ ላይ አሥራ ሁለት ዶላር ከፍላ ገዛችልኝ። አሥራ ሁለቱ ዶላር የገባው ታዲያ ኪሱ ከመቀስ ሌላ ሙያ ለማያውቅ ሰው ነው።

ነገሩ ስለቆጨኝ ስለ ፎርጅድ ፊልም ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርሁ። ኢንተርኔት ያመጣው ጣጣ መስሎኝ ነበር። ዕድሜው የሲኒማ ዕድሜ ሆኖ አገኘሁት።

ጆርጅ ሜሊየስ ፓሪስ ውስጥ የራሱ ቲያትር ቤት የነበረው የመድረክ አስማተኛ ነው። በታኅሣሥ 1895 የሉሚየር ወንድማማቾች ተንቀሳቃሽ ስዕል ሲያሳዩ አዳራሹ ውስጥ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ አስማቱን ወደ ፊልም አዞረው። በ1902 «ወደ ጨረቃ ጉዞ»ን ሠራ። ከመድፍ የተተኮሰችው መንኮራኩር የጨረቃ ዓይን ውስጥ ስትሰካ የሚያሳየውን ምስል ፊልሙን ያላየ ሰው እንኳ ያውቀዋል። ራሱ እንደተናገረው አሥር ሺህ ፍራንክ ፈጅቶበታል፤ ፊልሙ ግን ሩብ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ይህን ገንዘብ ከአሜሪካ ገበያ እመልሰዋለሁ ብሎ ነበር።

ያኔ ፊልም አይከራይም፤ እንደ አቡጀዲ በሜትር ይሸጣል። ለገልባጭ ደግሞ ከዚህ የተሻለ አሠራር የለም። አንዲት ቅጂ በሕጋዊ መንገድ ትገዛለህ፤ ከእሷ ላይ ኔጌቲቭ ታወጣለህ፤ ከኔጌቲቩ ያሻህን ያህል ታትማለህ። «ወደ ጨረቃ ጉዞ» አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር ሲያጥለቀልቅ ሜሊየስ እጅ የገባው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። በ1903 ወንድሙን ጋስተንን ኒውዮርክ ልኮ ቢሮ አስከፈተ። ከዚያ በኋላ ፊልሞቹን በሁለት ኔጌቲቭ ማንሳት ጀመረ፤ አንዱ ለአውሮፓ፣ አንዱ ለአሜሪካ። የኩባንያው ስም «ስታር ፊልም» ነበርና ኮከቡን በየትዕይንቱ ውስጥ ያስገባት ያዘ።

ሌሎቹም ይህንኑ አደረጉ። ፓቴ የሚባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ዓርማው አውራ ዶሮ ነውና ዶሮውን ከትዕይንቱ ጌጥ ጋር ይለጥፈዋል። የአሜሪካኑ ባዮግራፍ «ኤ.ቢ.» የሚሉትን ሁለት ፊደላት ግድግዳ ላይ ይሰቅላል። ተዋናይቱ ልጄ ሞተ ብላ ስታለቅስ ከራሷ በላይ «ኤ.ቢ.» ይታያል። የዚያ ዘመን ተመልካች ምን ይል እንደነበር እንጃ፤ እኔ ግን ከአንዳንዶቹ ፊልሞች ይልቅ ምልክት ፍለጋው ያዝናናኛል።

ገልባጮቹ ምን አደረጉ? ምልክቱን ፋቁት። ፊላደልፊያ ውስጥ የመነጽር ነጋዴ የነበረው ሲግመንድ ሉቢን ለዚህ ሥራ ሰው ቀጥሮ ነበር። ከቅጥረኞቹ አንዱ ፍሬድ ባልሾፈር ኋላ ራሱ የታወቀ የፊልም ሰው ሆነና በስተርጅናው ባሳተመው ትዝታው ላይ የሜሊየስን ኮከብ ከፊልሙ ላይ የማጥፋት ሥራ እንደነበረው ይናገራል። አንድ ቀን ፊልም ልግዛ ብሎ ለመጣ እንግዳ ሉቢን «ወደ ጨረቃ ጉዞ»ን ከፍቶ ያሳየዋል። ሰውየው መሀል ላይ ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሥቶ የፊልሙ ባለቤት እኔ ነኝ እያለ ይጮህ ጀመር። ጆርጅ አሜሪካ አልሄደምና ያ እንግዳ ወንድሙ ጋስተን እንደሆነ ይታመናል። የሰረቁትን በሬ ለባለቤቱ ገበያ አውጥቶ ማስማማት ማለት ይኸው ነው።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የገረመኝ ግን ኤዲሰን ነው። ቶማስ ኤዲሰን ሉቢንን ፊልሜን ገለበጠ ብሎ ከሰሰው። ክርክር የተነሣበት ፊልም የጀርመኑ ካይዘር «ሜቲዮር» የተባለች መርከብ በ1902 ወደ ውኃ ስትወርድ የሚያሳይ ነው። የአሜሪካ ሕግ ያኔ ፎቶግራፍን እንጂ ፊልምን በስሙ አያውቀውም። የሥር ፍርድ ቤት በሺህ የሚቆጠሩት ምስሎች ለየብቻ ካልተመዘገቡ ጥበቃ የላቸውም ብሎ ለሉቢን ፈረደ። በ1903 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረና ፊልም ከዳር እስከ ዳር እንደ አንድ ፎቶግራፍ ይቆጠራል አለ። ኤዲሰን ረታ። ሉቢን ግን የዋዛ አይደለምና በ1904 የኤዲሰንን «ታላቁ የባቡር ዘረፋ» በራሱ ተዋንያን ከጫፍ እስከ ጫፍ ደግሞ ሠራው። ይኸው ኤዲሰን ፍርድ ቤት ቆሞ «ተሰረቅሁ» ሲል የራሱ ኩባንያ የሜሊየስን ፊልሞች እየገለበጠ ይሸጥ ነበር።

ከዚህ ሽኩቻ አንድ መልካም ነገር ተርፏል። ሕጉ የሚመዘግበው ፎቶግራፍን ስለነበር ኩባንያዎቹ ፊልማቸውን በሙሉ በረጅም የወረቀት ጥቅል ላይ እያተሙ ዋሽንግተን በሚገኘው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አስቀመጡ። ፊልም ራሱን ችሎ በአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ ውስጥ የገባው በ1912 ነው። በዓመታቱ ውስጥ እውነተኛዎቹ ሴሉሎይዶች ተቃጠሉ፣ ሻገቱ፣ ተጣሉ። ወረቀቶቹ ግን ምድር ቤት ውስጥ ተቀምጠው ቆዩ። ኋላ መልሰው ወደ ፊልም ሲያነሧቸው ከሦስት ሺህ በላይ ሥራዎች ተረፉ። የሌባ ፍርሃት የጠበቃቸው ናቸው።

ሜሊየስን ያከሰሩት ገልባጮች ብቻ አይደሉም፤ የተመልካቹ አምሮት ተለወጠ፣ ፓቴም ዋጠው። በ1923 ኔጌቲቮቹን በገዛ እጁ አቃጠላቸው። ሞንፓርናስ ባቡር ጣቢያ አሻንጉሊትና ከረሜላ ሲሸጥ ኖሮ ቆይቶ ቢታወስም፣ በ1938 ሞተ።

ይህን ሁሉ ሳነብ በሉቢን ላይ ለመፍረድ እጄ ያልዘረጋው ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። አጎቴ ከሲኒማ ቤቱ ከለቀቁ በኋላ፣ በ1980ዎቹ ዓ.ም.፣ ሰፈራችን ውስጥ ቪዲዮ ቤት ከፈቱ። ቀን ቀን አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድሮ የሚያይ ልጅ ያስከፍላሉ፤ ማታ ማታ ካሴት ያከራያሉ። ካሴቶቹ ከዱባይና ከጅዳ በተመላሽ ሻንጣ ይመጣሉ። ሁለት ዴክ ነበራቸው። ከአንዱ ዴክ መውጫ ወደ ሌላው መግቢያ ኬብሉን የሚሰካው ልጅ እኔ ነበርሁ። በእስክሪብቶ የፊልሙን ስም የምጽፈውም እኔ ነኝ፤ ለደሞዝ አይደለም፣ ሲገለበጥ ለማየት ነው። «ማዘር ኢንዲያ»ም ከእነዚያ አንዱ ነበር። የቅጂ ቅጂ ቅጂ ስለነበረ የናርጊስ ቀይ ሳሪ ከትከሻዋ ወርዶ ከጀርባዋ ያለው ግድግዳ ላይ ይፈስ ነበር። እኔ የፊልሙ ውበት መስሎኝ ነው ያደግሁት።

አንዳንድ ካሴት ግን አልገለበጥ ይላል። ምስሉ ቦግ ይልና ደግሞ ይጨልማል፤ ቦግ፣ ጭልም። አጎቴ ይህን ሲያዩ «ይኼንንስ ቡዳ በልቶታል» ብለው ካሴቱን ያወጡታል። ቡዳው ማክሮቪዥን ይባላል። በ1985 «ኮተን ክለብ» በተባለው ፊልም ካሴት ላይ የተጀመረ ዘዴ ነው፤ ቴሌቪዥኑን ሳይነካ የሚቀዳውን ዴክ ብቻ የሚያሳስት ምልክት ከምስሉ ጋር ያስተላልፋል። የሜሊየስ ኮከብ ማለት ነው፣ አሁን ግን የማይታይ ሆኖ ነው የመጣው። እኛ ባለቤቱ እጃችንን እየመታን እንደነበር አልገባንም።

ሌብነት ነው ያለን ሰው አልነበረም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ድርሰትና ኪነ ጥበብ ባለቤትነት አንቀጾች ነበሩት፤ ቪዲዮ ቤት በር ላይ የደረሰ አንቀጽ ግን አላየሁም። ራሱን የቻለው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው። አውቆ ለጣሰ ሰው ከአምስት እስከ አሥር ዓመት እስራት ደንግጓል። ያን ጊዜ አጎቴ ቪዲዮ ቤቱን ዘግተው ነበር፤ የአማርኛ ፊልም ሠሪዎች ደግሞ ሥራቸውን በቪሲዲ ለማውጣት እየተሳቀቁ፣ ሲኒማ ቤት ውስጥ ይዘውት የሚቆዩበት ዘመን ጀምሮ ነበር። ዲስኩ በወጣ ማግሥት የእግረኛ መንገድ ላይ በሩብ ዋጋ ይገኛላ!

ያን ቀን፣ ቡናው ሁለተኛ ሲደርስ፣ «ጋሼ፣ እኛስ እንገለብጥ አልነበረም እንዴ?» አልኋቸው።

«ገልብጠናል» አሉ። «አልቆረጥንም።»

በዚህ መልስ አልረካሁም። ለመህቡብ ካን ቤተሰብ በሁለቱም መንገድ የደረሰው ሳንቲም እኩል ነው፤ ምንም። ነገር ግን አጎቴ የሚሉት ሁሉ ውኃ የሚበላው አይደለም። ከእሳቸው ቅጂ የተከራየ ሰው የሚወስደውን ያውቃል፤ ስሙ በእስክሪብቶ ተጽፏል፣ ካልሠራ መልሶ የሚጮህበት በር አለ። እኔ የገዛሁት ዲስክ የታተመ ሽፋን፣ የኩባንያ ስም፣ የባር ኮድ ነበረው። ሉቢን ምልክት ፋቀ፤ የዛሬዎቹ እውነተኛውን ምልክት ፍቀው ሐሰተኛውን ከላይ ይለጥፋሉ። ሻጩ ደግሞ ፊት የለውም።

ፊት ስለሌለው ነው ይህ ገበያ ገና ሲወለድ በፊት ምትክ ሌላ ነገር የፈለገው። በ1995 የተከፈተው ኢቤይ የማይተዋወቁ ሰዎች እንዴት ይተማመናሉ የሚለውን ችግር ገዢና ሻጭ እርስ በርስ ነጥብ በመስጠት ሊፈታው ሞከረ። አማዞን በ2000 ገበያውን ለሌሎች ሻጮች ሲከፍት የተለየ መንገድ ያዘ፤ አንድ ዕቃ አንድ ገጽ አለው፣ ሻጮቹ ሁሉ እዚያ ገጽ ሥር ይሰለፋሉ። ልብ በሉ፤ ገጹ ላይ ያለው ምስጋና የተጻፈው ስለ ፊልሙ ነው፣ ስለ ሻጩ አይደለም። እውነተኛውን ገዝቶ የመሰከረው ሰው ምስክርነት ለፎርጅዱም ያገለግላል። ገበያው ራሱስ አይጠየቅም ወይ? ቲፋኒ የተባለው የጌጣጌጥ ቤት ፎርጅድ ጌጥ ተሸጠብኝ ብሎ ኢቤይን ከሶ ነበር፤ በ2010 የኒውዮርኩ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ፎርጅድ እንዳለ በጥቅሉ ማወቅ አይበቃም፣ ይህ ይህ ዕቃ ተብሎ ተለይቶ መታወቅ አለበት አለ። እንግዲህ መለየቱ ለባለ ዓርማውና ለገዢው ተጣለ።

የድሮ ፊልም ወዳጅ ደግሞ ወደዚህ ገበያ የሚሄደው ወድዶ አይደለም። ኔትፍሊክስ ዲቪዲ በፖስታ መላኩን በ2023 አቆመ፤ ቤስት ባይ የተባለው ትልቅ የአሜሪካ ሱቅ ደግሞ በ2024 ዲስክ መሸጡን ተወ። ሱቅ ሲጠፋ፣ መታተሙ የቆመ ፊልም ሲፈለግ፣ ፎርጅድ ቦታውን ይይዛል።

ታዲያ ሁለተኛውን ግዢ ስንገዛ ተጠነቀቅን። ፋብሪካ የታተመ ዲስክ ሆዱ ብርማ ነው፤ ቤት ውስጥ የተቃጠለው ቀለም ስላለበት ወደ ሐምራዊ ይመታል። ይህ ግን ፍጹም ምልክት አይደለም። ዋርነር የተባለው ኩባንያ ከ2009 ጀምሮ አሮጌ ፊልሞቹን ሰው ሲያዝዝ ብቻ እየቀዳ ሲሸጥ ሐምራዊ ሆዱን በሕጋዊ መንገድ አውጥቶታል። «በሁሉም አገር ይሠራል» የሚል ዲስክም እንዲሁ ነው። ዲቪዲ ዓለምን በክልል ቁጥር ከፋፍሎ ሲመጣ አሜሪካ አንድ፣ አውሮፓ ሁለት፣ እኛ ከአብዛኛው አፍሪካና ከሩሲያ ጋር አምስት ሆንን። የሆሊውድ ፊልም ክልል የለኝም ካለ ያጠራጥራል፤ የህንድ ፊልም ግን አብዛኛውን ጊዜ በእውነትም ክልል የለውም። በዚያ ምልክት ብቻ ብሄድ ኖሮ ትክክለኛውን ዲስክ እጥለው ነበር።

የሚሻለው ቀዳዳው ዙሪያ ያለው ጽሑፍ ነው። ከ1994 ጀምሮ ፋብሪካዎች ዲስኩ መሀል፣ በመስተዋቱና በፕላስቲኩ ላይ፣ «አይ.ኤፍ.ፒ.አይ.» ብሎ የሚጀምር ደቂቅ ቁጥር ይቀርጻሉ፤ የትኛው ፋብሪካ፣ በየትኛው ቅርጽ እንዳተመው ይናገራል። የሜሊየስ ኮከብ የመጨረሻ ልጅ ይህች ናት። እሷንም የሚፍቋት አሉ፤ ሲፋቅ ግን ጠባሳው በአምፖል ይታያል። ከዚህ ሁሉ ቀላሉና ማንም የማይሠራው ግን ሽፋኑ ላይ ያለውን ደቂቃ ከፊልሙ እውነተኛ ርዝመት ጋር ማስተያየት ነው። የእኔው የመጀመሪያ ዲስክ ሽፋን ላይ 135 ተብሎ ተጽፎ ነበርኮ! አላነበብሁትም።

ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ከሠሪው መግዛት ነው፤ ሲገኝ። ኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ»ን በ1993 ሠርቶ አከፋፋይ ሲያጣ አዳራሽ እየተከራየ ራሱ አሳየው፤ ኋላም ዋሽንግተን ውስጥ፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ በዚያው ፊልም ስም የመጽሐፍና የፊልም መደብር ከባለቤቱ ጋር ከፈተ። እዚያ ቆጣሪው ላይ የቆመ ሰው ፊት አለው። ለመህቡብ ካን ግን እንዲህ ያለ ደጅ አላገኘሁም።

በእኛ በኩል ደግሞ ገበያው የማያውቀው ችግር አለ። አሜሪካ የተገዛ ዕቃ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው «ሰው ሲገኝ» ነው። የመጀመሪያው ዲስክ የአክስቴ ልጅ መሳቢያ ውስጥ አራት ወር ተቀምጦ፣ መንገደኛ አግኝቶ፣ እኔ ዘንድ ደርሶ ፎርጅድነቱ ሲታወቅ፣ የመመለሻው ሠላሳ ቀን ካለፈ ቆይቷል። ገንዘቡ የተበላው በሻጩ ብልጠት ብቻ ሳይሆን በእኛው ይሉኝታ ጭምር ነው፤ የሰው ዕቃ ከፍቶ ማየት ነውር ነው ብላ ፖስታውን አልነካችውም። በሁለተኛው ጊዜ «እባክሽ ክፈችው» አልኋት። ዲስኩን መብራት ሥር ይዛ በስልክ ምስል እያገላበጠች አሳየችኝ። ሆዱ ብርማ፤ ቁጥሩ አለ፣ ጠባሳ የለውም። ሽፋኑ ላይ 172።

በመስከረም አንድ መንገደኛ ይዞት መጣ። መጋረጃው ተጋረደ፤ ቡናው ቀረበ። ማጭድና መዶሻው ወጣ። አጎቴ አላጨበጨቡም፤ ሰዓታቸውን አዩ። ሃያኛው ደቂቃ ላይ ጣታቸውን ወደ ላይ አነሡና፣ ማሽን ክፍል ውስጥ ሌላ ሰው ያለ ይመስል፣ «ቀይር» አሉ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ደግሞ «ቀይር»። እስከ ፍጻሜው ስምንት ጊዜ ቀየርን።